ዳማ ከአሜሪካ ጋር የተሽቀዳደመ ዕለት

የተረገጠ ሣርና ቤንዚን አንድ ላይ ሲሸተኝ ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። ሰው አደስ ሸትቶት፣ ቅቤ ሸትቶት ነው የልጅነት ቤቱን የሚያስታውሰው፤ እኔ እቴ፣ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ የመኪና ጢስ አፍንጫዬ ሲገባ ነው ጣሊያን ደብረ ታቦር በነበረበት ዘመን የአባቴ ቤት እንዳለ የሚመጣብኝ። ምን ላድርግ፣ የደረሰብን እሱ ነው።

ክረምት ክረምት ቤታችን ጸጥ ይል ነበር። ጣሊያን ያስጠረገውን መንገድ ጭቃ ውጦት፣ ካሚዮኖቹ በየቦታው ተቀርቅረው፣ ወታደሮቹም ከምሽጋቸው ስለማይርቁ፣ አባቴ ከጓሮ በኩል ባለው ጋጣ ቁጭ ብሎ ፈረሱን በገዛ እጁ ገብስ ያበላው ነበር። ዳማ ነበር የምንለው፤ መልኩም ዳማ፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ስለነበር ሌላ ስም አላወጣንለትም። አባቴ በየጥምቀቱ ጉግስ የሚጫወትበት፣ ከበሬዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚሳሳለት ፈረስ ስለነበር፣ እናቴ አንዳንዴ «እኔን ከሚያገቡ እሱን ቢያገቡት ይሻልዎ ነበር» እያለች ትተርበው ነበር።

ተረቧ ግን ከላይ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ጣሊያን በገባ ሰሞን ዱር ቤቴ ብሎ ስለወጣ፣ እናቴ የሚቀጥለው ተራ የአባቴ እንደሆነ ልቧ ያውቀው ነበር። ዳማ ባሽካካ ቁጥር ከያዘችው ሥራ ቀና ብላ የግቢውን በር ታይ ነበር። ባሌን የሚወስድብኝ ይሄ ፈረስ ነው ብላ ቁርጥ አድርጋ ይዛ፣ ለአባቴ ግን አንድም ቀን ሳትነግረው ከረመች።

መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሲደርቅ ከተማው በሌላ ድምፅ ይሞላ ነበር። ከጣሊያኖቹ አንዱ፣ ፊቱ በርበሬ የመሰለ ወጣት መቶ አለቃ፣ ከአንድ ከሸሸ መኳንንት ግቢ የተወሰደች አሜሪካ ሠራሽ መኪና ነበረችው፤ አገሬው ስሟን ሳያጣራ «አሜሪካ» ይላት ነበር። ትቅለልልኝ ብሎ በሮቿን ገንጥሎ፣ ጣራዋን አንስቶ፣ የኋላ ወንበሯን አውጥቶ፣ የሞተሯን ክዳን እንኳ ሳያስቀርላት እርቃኗን አስቀርቷት ነበር። እሑድ እሑድ በጉግሱ ሜዳ ጫፍ ከካሚዮን ጋር ጎን ለጎን አቁሟት፣ አንድ ወታደር መሐረቡን ወደ ታች ሲያወርድ ተፈትልኮ እስከ ወንዙ ዳር ቀጥ ብሎ ይሽቀዳደም ነበር። መዞር የለ፣ መመለስ የለ፤ ቀድሞ የደረሰ ቀደመ፣ አለቀ። የእኛ ሰው ሩጫ ሲባል የሚያውቀው ጉግስን ስለሆነ፣ ሄዶ ወርውሮ፣ ዞሮ መሸሽ የሌለበት ጨዋታ ምኑ ጨዋታ ነው እያለ ያማው ነበር። እያማም እሑድ አይቀርም ነበር።

በታኅሣሥ፣ እህሉ ከአውድማ ሲገባ፣ ፈረስ ያለው ሁሉ አምጥቶ ያስረክብ የሚል ትእዛዝ ወጣ። አባቴ ዳማን ይዞ ሲቀርብ መቶ አለቃው ዙሪያውን እየዞረ አየው፣ አንገቱን ቸብ ቸብ አደረገው፣ ከዚያ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነግሮት ሳቀ። አስተርጓሚው የከተማችን ሰው ነበርና አባቴን ቀና ብሎ ማየት አፍሮ፣ «ሹሙ የሚሉት ከጥምቀት በኋላ ፈረስዎ ከመኪናቸው ጋር ይሩጥ ነው። ከቀደመ ይዘውት ይገባሉ፣ ማንም አይነካዎትም። ከተቀደመ ግን የሳቸው ነው» አለው።

«ከየት እስከ የት ነው?» አለ አባቴ። ሌላ አልጠየቀም።

አባቴ ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። አሜሪካ ስትነሣ እንደምትንተፋተፍ፣ ጎማዋም ሣሩን ሳይቆነጥጥ ብዙ እንደሚሽከረከር እሑድ እሑድ ልብ ብሎ አይቶ ኖሯል። ሜዳው አጭር ነው፣ እሷ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ዳማ ወንዝ ዳር ይደርሳል አለን። ከተማውም ሁሉ በዚሁ ተስማማ፤ እውነትም ሐሳቡ ስሕተት አልነበረበትም።

ያን ሰሞን እናቴ እኔን አስከትላ ማርያም ሄደች። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተንበርክካ፣ «እመቤቴ፣ ዳማ ይቀደምና ይሂድልኝ፤ ሰውየውን ተዪልኝ። ለአስተርዮ ጃንጥላ አገባልሻለሁ» ብላ ስትሳል አጠገቧ ነበርኩ። ስንመለስ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ትንፍሽ ብትይ ወየውልሽ» አለችኝ። በማግስቱ ደግሞ አባቴ ወደዚያችው ማርያም ደርሶ መጥቶ፣ ዳማ ከቀደመ መጋረጃ እንደሚያገባ መሳሉን ደስ እያለው ነገረን። እናቴ «ትስማዎት» አለችው፣ ዓይኗን ከምትለቅመው ምስር ሳታነሣ። እኔ ማርያም የማንን ትሰማ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ።

ጥምቀት አልፎ ቀኑ ደረሰ። ሜዳው ዳር እስከ ዳር ሰው ነበር፤ እናቴም ነጠላዋን አፏ ላይ ጥላ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር። መሐረቡ ሲወርድ ልክ አባቴ እንዳለው ሆነ። አሜሪካ ስትንተፋተፍ፣ ጎማዋ ሣርና አፈር ወደ ኋላ ሲበትን፣ ዳማ በዓይን እስከማይያዝ ተወርውሮ ሄደ፤ እንዲያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ሰዉ ገና እልል ሊል ሲል ዳማ ከሜዳው መሀል ካለችው ወይራ ደረሰ። ያቺ ወይራ የጉግስ ፈረስ ሁሉ ዞሮ የሚመለስባት ነበረች። ዳማም ጉልበት ካወጣ ጀምሮ በየዓመቱ የሚያደርገውን አደረገ፤ ወይራዋ ዘንድ ሲደርስ በኋላ እግሮቹ ተገትሮ ጥምዝዝ አለና ወደ እኛ ተመለሰ። አባቴ ልጓሙን ጎትቶ፣ በአለንጋ ሰጥቶት አቅጣጫውን እስኪያስይዘው ድረስ መኪናይቱ ጢሷን ጥላበት አለፈች። ይህን ከዚያ ሁሉ አዋቂ መሀል አስቀድሞ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

መቶ አለቃው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባቴ ወርዶ ኮርቻውን ፈታ፣ ትከሻው ላይ አደረገ፣ ልጓሙን ለወታደሩ ሰጥቶ ዞር ሳይል ወደ ቤት ሄደ። ዳማን ወደ ጎንደር ወሰዱት ሲባል ሰማን፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ለአስተርዮ እናቴ ቀይ ጃንጥላዋን ይዛ ሄደች። ከቅቤ ሽያጭ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ያወጣችበት ነበር። አባቴ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ሲያያት አየሁት፤ ስለት የሚገባው የተሳሉት ሲሞላ ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ ቤታችን የሞላልን ጉዳይ እንዳልነበረ ያውቃል። ስንመለስ መንገድ ላይ «ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽው?» አላት። እናቴ ገና ከቅዳሴ መውጣቷ ነውና መዋሸት አልሆነላትም፤ «ዳማ እንዲቀደም» አለችው። አባቴ ጥቂት ሄደና «ሰማችሽ በይኛ» አለ። ጠብ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲያ በቤታችን የፈረስ ነገር አልተነሣም፤ እናቴም በጋውን ሁሉ ሳቋ ተመልሶላት፣ ባሏ ከበሬዎቹ ጋር ወጥቶ ከበሬዎቹ ጋር ሲገባ እያየች ከረመች።

ክረምቱ ገብቶ ካሚዮኖቹ ሲቀረቀሩ፣ አንድ ማለዳ አባቴ ከጋጣው ወለል ሥር የቀበረውን ጠመንጃ አውጥቶ፣ በሶውን በስልቻ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በጭቃው አርበኞቹ ወዳሉበት ወደ እብናት አቅጣጫ ወጣ። እናቴ ወንዝ ወርዳ ነበር። እኔን አጥሩ ሥር ሲያገኘኝ፣ ግንባሬን ስሞ «እናትሽን፣ በፈረስ አልሄደም በያት» አለኝ። እንዳለው ነገርኳት። እንስራዋን እንኳ ከጀርባዋ ሳታወርድ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አባቴ ተመለሰ። አሜሪካ ያኔ ጎማዋ ወልቆ ሜዳው ላይ ቀርታ የሰፈሩ ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ነበር። እናቴ ውሃ አሙቃ እግሩን ስታጥብ፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ጣት የሚያስገባ ሆኖ ስታየው ሥራዋን አቆመችና «ፈረሱን ስፈራ እነዚህን ረሳኋቸው» አለች። አባቴ እጁን ራሷ ላይ አደረገ።

ዛሬ ከደብረ ታቦር ቁርሱን በልቶ የተነሣ ሰው ለምሳ ጎንደር ነው። ልጄ ሾፌር ስለሆነ መንገዱን እንደ ግቢው ያውቀዋል። ምራቴ ታዲያ ጸጥታው አላማራትም ያለች ቀን በሩ ላይ ቆማ «አትሄድም ብያለሁ፣ ብትሞትብኝስ?» እያለች ጎረቤት እስኪሰማ ትጨቃጨቀዋለች፤ እሱም ይጮኽባታል፣ አንዳንዴ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ቁልፉን ወርውሮ ይቀራል። በእኛ ጊዜ ቢሆን ነውር ነበር። ጎረቤቶቼ ገሥጪያት ይሉኛል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ እሰማታለሁ። እናቴ አባቴን «አይሂዱብኝ» ብላው አታውቅም ነበር፤ የነገረችው ለማርያም ብቻ ነው።