ጋሽ ታምሩ መኪና ሲያሞቁ

ሲያትል አጠገብ ባለችው ኬንት ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጎን ነው የምንኖረው። ሲያትል አዲስ ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት ጎረቤቴ ጋሽ ታምሩ፣ የድሮው የላዳ ታክሲ ነጂ፣ «እኔም ወደዚያው ነኝ፣ አብረን እንሄዳለን» አሉኝና አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናቸው ውስጥ ገባን። አስነሥተዋት ዝም ብለው ተቀመጡ። አሥር ደቂቃ አለፈ።

«ጋሼ፣ በመጀመሪያ ቀኔ ላረፍድ ነው እኮ! ምን እየጠበቅን ነው?»

«ትሙቅ እንጂ!»

«የኤሌክትሪክ መኪናም ይሞቃል እንዴ?»

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

አየር አትበክልም ተብላ የተገዛች መኪና እንደ ላዳ ስትሞቅ፣ እኔ ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። በመጨረሻ አጠፏትና ቦርሳቸውን አንሥተው ወረዱ።

«ነይ ቶሎ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠን!»

«መኪናዋስ?»

«ሲያትል ፓርኪንግ የት ይገኛል ብለሽ ነው? እሷንማ ቆማ እንዳትበላሽ ነው በየጠዋቱ የማሞቃት።»