የሻማው ሰም

የወንድሜ ሚስት ማ ኞ ሰም መዛኝ ነበረች። በማንዳላይ ደቡብ ጫፍ ባለው ሠፈራችን ነሐስ የማይቀልጥበት ግቢ የለም። ደወሉም የቡድሃ ምስሉም መጀመሪያ በሰም ይሠራል። ሰሙ በጭቃ ይለበጣል፤ ጭቃው ሲጠበስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ ነሐስ ይፈስሳል። ስንት ነሐስ እንደሚበቃ የምታውቀው እሷ ነበረች። የምንመዝነው በፔይታ ነው፤ ለአንድ ፔይታ ሰም ዘጠኝ ፔይታ ነሐስ፣ ነሐሱ ወደ ቅርጹ ለሚገባበት መፍሰሻ ደግሞ አሥር ትጨምራለች። ወንድሜ ኮ ፖላ ከእሷ ቃል በፊት እሳት አያነድም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልጎደለባቸውም።

በዝናቡ ማብቂያ ላይ የወንዝ ማዶ ገዳም ደወል አዘዘ። ሰዎቹ ድሆች ናቸው፤ የንብ ሰም መግዣ ስላልነበራቸው ዓመት ሙሉ በቤተ ጸሎቱ የበራውን የሻማ ቁራጭ በጆንያ ለቅመው አመጡ። ማ ኞ አንዱን ቁራጭ ሰብራ አሸተተችው።

«ይሄ የንብ አይደለም። ቀጭ ብሎ ይሰበራል።»

«ሰም ሰም ነው!» አለ ኮ ፖላ። «ወይስ የሻማው ጽድቅ ያንሳል?»

«እኔ ጽድቅ አልመዝንም።»

«ጽድቅማ ሚዛንሽ ላይ መች ይቆምልሽና! በይ፣ ስንት ላቅልጥ?»

የደወሉ ሰም ሃያ ፔይታ መዘነ። «መቶ ዘጠና» አለች።

በሚፈስስበት ቀን ማዶ ያሉት ሁሉ ከበሮ እየመቱ በጀልባ ተሻግረው መጡ። ነሐሱ መሃል ላይ ካለቀ ደወሉ እንደተቆረጠ ይቀራል፤ ጭቃውም ሰሙም ያ ሁሉ የለቀሙትም ከንቱ ነው። እኔ በየማለዳው ለቡድሃ ውሃ የማቀርብባቸውን ሰባት የነሐስ ጽዋዎች ለበረከት ይዤ ቆሜ ነበር። ውሃቸውን የደፋሁት ከቤት ስወጣ ነው።

ነሐሱ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ የመጨረሻው ማቅለጫ ባዶ ሊሆን ሲል ቅርጹ ገና አልሞላም። ከበሮው ቆመ።

«ያላችሁን አምጡ!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ። «ቶሎ! ሳይረጋ!»

«ፖላ፣ እንካ!» አልኩት። ከሰባቱ አንዱን ተቀበለኝና ማቅለጫው ግርጌ በቀረችው ነሐስ ውስጥ ወረወረው።

የጽዋው ከንፈር ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። ከእጥፋቱ ሥር ውሃ ቀርቶ ኖሯል። በቀለጠ ነሐስ ውስጥ የገባች ጠብታ ውሃ እንደ ባሩድ ነው።

ነሐሱ ፈንድቶ ወንድሜ ላይ ተረጨ። ተቃጥሎ አራት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ከንፈሩን ስናርስለት፣ «ማ ኞ፣ ስንት ጎደለ?» አላት።

«አላውቅም።»

«አንቺ? አላውቅም?» አለና ለመሳቅ ሞከረ። በማግስቱ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ማ ኞ ሚዛኗን በጨርቅ ጠቅልላ ከአልጋ ሥር አስገባች። ሰው ሰም ይዞ ሲመጣ በሩን አትከፍትም። በገበያ፣ «ባሏን በሚዛን የገደለች» ሲሏት እየሰማች ዓሣዋን ገዝታ ትመለሳለች። ሩዝ እወስድላት ነበር፤ ግማሹን ለውሾች ትሰጣለች። እኔም ስለ ጽዋው አፌን አልከፈትኩም።

አንድ ከሰዓት ስገባ ሚዛኗ ወጥቶ፣ ከጽዋዎቼ ሁለቱ ከፊቷ ተቀምጠው አገኘኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ዘንድ ነበሩ። አንዱን በንብ ሰም፣ ሌላውን በሻማ ሰም እስከ አፋቸው ሞልታቸዋለች። በግራና በቀኝ አስቀመጠቻቸው። የንቡ ጽዋ ወረደ።

«አየሽ፣ እትዬ? ቦታቸው እኩል ነው። የሻማው ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ሃያ ፔይታ የሻማ ሰም ከሃያ ፔይታ የንብ ሰም የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ያ ቦታ ሁሉ ነሐስ ይፈልጋል። ለእሱ ዘጠኝ አይበቃም፤ ከዘጠኝ ከሩብም ጥቂት ያልፋል።»

«ስንት ነው የጎደለው?»

«ለደወሉ ብቻ ስድስት። መፍሰሻውን ሳልቆጥር።» ወደ ባዶው አልጋ ዞረች። «ስድስት ነው፣ ኮ ፖላ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ማ ኞ፣ ጽዋው እርጥብ ነበር። የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «የቀሩትን ስድስቱን የዚያኑ ቀን ገልብጬ አይቻቸዋለሁ፤ ከከንፈራቸው ውሃ ጠብ አለ።»

«ታዲያ ገበያ ውስጥ ያን ሁሉ ሲሉሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሚዛኑም እኮ የእኔ ነበር።»

ጽዋዎቹን ከሚዛኑ አነሳች፤ ሰማቸውን በቢላዋ ፈልፍላ አወጣች፤ ከንፈራቸውን በቀሚሷ ጫፍ ደጋግማ ጠረገች። ደረቅ ናቸው። አሁንም ትጠርጋለች።