የአባቴ ፊርማ

ሐሙስ፣ ጥር ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሚዛን ተፈሪ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ተሰልፌ ሳለሁ የአሻራ ቀለም ሽታ ሐሳቤን ወደ ቴፒ፣ ወደ ዐሥራ አራት ዓመቴ መለሰው።

ዘመኑ የደርግ ነው። የመሠረተ ትምህርቱን ፈተና እናቴ አለፈች፤ አባቴ ወደቀ። ውጤቱ በቀበሌ ስብሰባ ሲነበብ የቡና ለቀማ ባልደረቦቹ፣ «እንግዲህ ቀሚሱን አንተ ልበሳ!» አሉት። ቤት እንደ ገባ እናቴን በቀበቶ ገረፋት። ሽማግሌው ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ መጥተው፣ «ወንድ ሲያፍር እንዲህ ነው፤ ቻይው፣ ልጄ» አሏት።

በሳምንቱ አባቴ ስሙን መጻፍ በምስጢር እንዳስተምረው ለመነኝ። የእናቴን ስም አስተማርሁት።

በሚቀጥለው ስብሰባ በአሻራ ፈንታ በብዕር፣ በኩራት ፈረመ። ጸሐፊው ፊርማውን አይቶ፣ «ጓዲት አስካለ፣ ጢም አበቀልሽ እንዴ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ።

አባቴ የሠራሁትን ዐውቋል፤ ነገር ግን ከልጁ መማሩን አምኖ መናገር ስላፈረ እኔን ሳይነካ እናቴን ደበደባት። ክንዷ ተሰበረ።

«ልጄ፣» አለችኝ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ፣ «ከእንግዲህ ስትበቀልልኝ አስቀድመህ አማክረኝ።»

አባቴን ይቅር አላልሁትም፤ ሲቀበርም አላለቀስሁም። ያ ክንድ ግን በእርሱ ይታሰብ ወይስ በእኔ፣ እስከ ዛሬ አልወሰንሁም።