መድኃኒት ያለበት አጎበር

መዶሻዬ ከእሁድ ወዲህ ቤቱ አልገባም። አንዱ ጎረቤት ወስዶ ለሌላው ያሳልፈዋል። ሚስማሬም አልቆ ጣሳው ባዶውን ቀርቷል። በዚህ በሰፈራችን በቡርቃ ጃቶ ከእኔ በቀር መዶሻ ያለው ሰው የለም እንዴ?

ለነገሩ ጥፋቱ የራሴ ነው...

የጤና ኤክስቴንሽኗ ሌንሳ የአልጋ አጎበር ስታድል «መድኃኒት ያለበት ነው» አለች። የኔ አፍ መቼ ያርፋል! አጠገቤ ለቆሙት ወንዶች «ሰማችሁ? መድኃኒት ተደርጎበታል። ከሥሩ የተኛ ባል፣ ሚስቱ ያለችውን ሁሉ እሺ ነው የሚለው» አልኳቸው። ሳቅንና ተለያየን።

ወሬው ግን ሰፈሩን ዞረው። በሳምንቱ ሌንሳ ቤት ለቤት ስትሄድ አንዱ አጎበር የዶሮ ቤት ላይ፣ ሌላው ጎመን ላይ ተጋድሟል። ጎረቤቴ ቶለሳማ ጭራሽ «ድግምት ቤቴ አይገባም» ብሎ መለሰላት። ሚስቱ ላሊሴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አምና ወባ ጥሏት ተሸክመን ነው ጤና ጣቢያ ያደረስናት።

ሌንሳ መንገድ ላይ ያዘችኝ። «ጋሼ ደምሴ፣ ይሄን ያወሩት እርስዎ ነዎት?»

ሳቄ ጠፋ። «ቆይ፣ አስተካክለዋለሁ። ያልሰቀለ ይቀጣል ተብሏል እላቸዋለሁ።»

«ማን አለ?»

«እሺ... ወንድ ያጎብዛል ልበላቸው?»

«ጋሼ! በአንድ ውሸት ይሄን ያህል ደከምኩ፣ ሌላ ሊጨምሩልኝ ነው? እውነቱን ይንገሯቸው። ማን እንዳወራውም ጭምር።»

እሁድ እድር ላይ ተነሣሁ። «ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው» አልኩ።

ከኋላ ኦቦ ገመቹ «ታዲያ አንተ ሚስትህን እንዲህ የምትፈራው በምን መድኃኒት ነው?» አይለኝም!

«እኔማ ሠላሳ ዓመት ያለ አጎበር ነው እሺ ያልኩት!»

እድሩ በሳቅ ፈረሰ። ሌንሳም በኦሮምኛ፣ ደግሞ በአማርኛ አስረዳች። መድኃኒቱ የሚገድለው ትንኟን ነው። አዲሱ አጎበር ፊት ሊያሳክክ እንደሚችልም አልደበቀችም፤ መጀመሪያ ጥላ ላይ አናፍሱት አለች። ሰው ያመናት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ክፉውንም ስለነገረችን።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ኳ ኳ ኳ ብቻ ሆነ። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ አጎበራቸውን ተቀሙ። ቶለሳ ብቻ ቀረ። እድሩ ላይም ሳይስቅ ነው የወጣው። እሱን እያሰብኩ ደስታዬ ጎደሎ ነበር።

አሁን ይሄን ስጽፍላችሁ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ... ቶለሳ! በእጁ መዶሻዬ፣ በብብቱ አጎበር።

«አካም ኦልተን ጋሼ... ሚስማር ይኖርዎታል?»

«አንተ! ምን ተገኘ?»

መሬት መሬት እያየ «ላሊሴ ከሌንሳ መልሳ ተቀብላ ዛሬውኑ ስቀል አለችኝ» አለ።

«አንተስ?»

«እሺ አልኳት።»

ኮቴን የምሰቅልበትን ሚስማር ከግድግዳ ነቅዬ ሰጠሁት... ሰዎች፣ አጎበሩ ገና ሳይሰቀል ሠራ!