ሰዓቱ ተኝተሽ ነበር አለኝ

እኔ ክፍል ውስጥ አፌን መክፈት የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። ድሮ ስሜ ሲጠራ እንኳ ድምፄ አይወጣም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ግን የአንኮበር ጉም በመስኮት እየገባ፣ ልቤ ድው ድው እያለ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ የሒሳቡን ጥያቄ ሠራሁት። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። በጉሙ ላይ የምራመድ ነው የመሰለኝ።

ቤት ስገባ ወንድሜ፣ አክስታችን ከደብረ ብርሃን የላከችልኝ ስማርት ሰዓት የመዘገበውን ስልኩ ላይ ከፍቶ አየ።

«አንቺ! በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለጥ ብለሽ ተኝተሻል እኮ!»

«ኧረ ሰሌዳ ላይ ነበርኩ!»

«ልብሽም ቀስ ብሎ ነው የመታው። በህልምሽ ይሆናላ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ግን ፈራሁ። ጉሙም ጭብጨባውም እውነትም ህልም ይመስላል። ህልም ከሆነ ደግሞ ያቺው አፏን የማትከፍተው ልጅ ነኝ ማለት ነው።

በነጋታው አብራኝ የምትቀመጠውን ሰናይትን ጠጋ ብዬ፣ «ትናንት ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ነበር እንዴ?» አልኳት።

አቀረቀረች።

«ወጥተሻል። ሰዓቱ እየተንሸራተተ አላስጽፍ አለኝ ብለሽ በድንጋጤ ሳታስቢው አውልቀሽ ሰጠሽኝ፤ እኔም እጄ ላይ አሰርኩት። ከዛማ… ጭብጨባው ነው የቀሰቀሰኝ።»