ባሕር ማዶ የታየው ፍግ

ዳኘው አለኸኝ ነጩን ዱቄት ቆንጥሮ ምላሱ ላይ ያደረገው ጨው መስሎት ነበር። የጎጃም ገበሬ ጨው ሲሰጡት ሳይቀምስ አይቀበልም። አፉን አኮማትሮ ሲተፋው ጣልያኖቹ በሳቅ ፈረሱ። አስተርጓሚው ገብረሰንበትም አብሮ ሳቀና፣ «ይህን የሚበላው መሬቱ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም» አለው።

ነገሩ የሆነው ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። የቡሬው ጣልያን ሹም ከየአጥቢያው ስም ያላቸውን ገበሬዎች መርጦ፣ የሠለጠነ እርሻ አይተው ይምጡ ብሎ እስከ ምጽዋ በመኪና፣ ከዚያ በመርከብ ወደ አገሩ ላካቸው። ዳኘው ከጅጋ በታች የሚያርስ ሰው ነው፤ ስሙን ያስነሣው ጤፉ ነበር። ምስጢሩን ደግሞ የማያውቅ ጎረቤት የለም። በጋ ሲሆን በረቱን ከማሳ ማሳ እያዞረ፣ ፍጋቸው መሬቱን እንዲያጠግብ ከብቶቹን ያሳድራል፤ ዐሥር ሌሊት እዚህ፣ ዐሥር ሌሊት እዚያ። ከብት ያነሰው ጎረቤት ቢኖር የራሱን ነድቶ ሄዶ ያሳድርለታል። አባቱም እንዲሁ ነበሩ።

ባሕር ማዶ ሁለት የስንዴ ማሳ ጎን ለጎን አሳዩት። አንዱ ፍግ፣ ሌላው ያን ዱቄት የበላ ነው። ዱቄት የበላው ይበልጣል። ዳኘው ዓይኑ ያየውን የሚክድ ሰው አልነበረምና በልጧል አለ። ከዚያ፣ ዱቄቱ የቀረ ዓመት መሬቱ ምን ይበላል ብሎ አስጠየቀ። ከፋብሪካ ይገዛል አሉት። ገዢው ገንዘብ ባይኖረውስ ቢል ገብረሰንበት ይህን አልተረጎመለትም።

ሌሎቹ ምሳ ሲቀመጡ ግን የእርሻው ባለቤት፣ ጎባጣ ሽማግሌ፣ እጁን ይዞ ከቤቱ ጓሮ ወሰደው። በጓሮው ጎመንና ባቄላ አለ፤ ከአጥሩ ሥር የፍግ ክምር። ሽማግሌው የዳኘውን እጅ ከክምሩ ውስጥ ከተተው። ፍጉ ይሞቃል። ከዚያ ጎመኑን አሳየው፤ ቀጥሎ አፉን፤ ቀጥሎ ቁመታቸውን በእጁ እየለካ ልጆቹን። ስንዴውን ደግሞ በእጁ ወደ ሩቅ አመለከተ፤ የሚሸጥ ነው ማለቱ ነው። ቋንቋ አላስፈለጋቸውም።

ዳኘው አገሩ ሲገባ የቡሬው ሹም ትእዛዝ ጠበቀው። የአጥቢያው ከብት ሁሉ ተሰብስቦ ቡሬ ይግባ፤ ለወታደር ሥጋ ይፈለጋል። ሕዝቡ፣ ከብቱ ከሄደ መሬታችን በምን ይጠግባል ብሎ አጉረመረመ። ስለዚህ ዳኘው በጅጋ ገበያ ቆሞ፣ ፍግ የድንቁርና ነው፣ እዚያ ማንም አይጠቀምበትም ብሎ ይመስክር። ይህን ካለ የእሱ ስድስት ከብቶች አይነኩም።

ሚስቱ እናኑ ስድስቱን ከብት አየት አደረገች። አሞኛል ብለው ቢቀሩስ አለችው በቀስታ።

ዳኘው በዱቄቱ አልተቆጣም፤ ዱቄት ምን አደረገ? ውስጡን ያቃጠለው ሌላ ነው። «ዓይኔን ባሕር አሻገሩት» አላት፣ «አሁን አፌን በስድስት ከብት ሊገዙት ነው። እኔ እኮ ቆራቢ ነኝ፣ እናኑ።»

በገበያው ቀን ሹሙ ከወታደሮቹ ጋር መጣ። ገብረሰንበት ዳኘውን ድንጋይ ላይ አቆመውና ያየኸውን ተናገር አለው፤ በሕዝብ ፊት አንቱታውን ነሣው። ዳኘው አማተበ።

«ነጩ ዱቄት ስንዴ ያስረዝማል፤ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ዱቄቱን የሚሰጠን ይኸው ከብታችንን የሚወስደው ሰው ነው። በከለከለን ዓመት ምን እንበላለን? የዚያ አገር ገበሬም ልጆቹን የሚያበላው በፍግ ያበቀለውን ነው። እጄን ከክምሩ ከትቶ አሳይቶኛል። ከብት ያላችሁ ከብታችሁን ያዙ።»

ሹሙ ትርጉም አልጠበቀም፤ የሕዝቡ ፊት ነገረው። ዳኘው እዚያው ገበያ መካከል ሠላሳ ጅራፍ ተገረፈ፤ ስድስቱ ከብቶችም በዚያው ቀን ተነዱ። የአጥቢያው ሰው ግን ገበያውን ጥሎ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ወታደሮቹ በማግስቱ ለቀሪው ሲመጡ ከብቱ ቆላ ወርዶ፣ በረቱ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው።

እናኑ የጀርባውን ቁስል ቅቤ ስትቀባው ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ሰውን ከቤቱ ወስዶ አሳይቶ፣ ያየኸውን ካድ ብሎ መግረፍ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ዳኘው ይህን እስኪሞት ጠየቀ።

በጋው ተጋምሶ አገሩ ጥቂት ጸጥ ሲል፣ አንድ ጠዋት ከደጁ የከብት ኮቴ ተሰማ። ንብረት የሚባለው ጎረቤቱ ነው፤ ከቆላ የመለሳቸውን አራት በሬና ሁለት ላም ይነዳል። ዳኘው ማሳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ከየትኛው ጥግ ልጀምር?» አለው ንብረት፣ የበረቱን እንጨት ከትከሻው እያወረደ።

«ከላይኛው» አለ ዳኘው። «እሱ ነው የራበው።»

ከንብረት ቀጥሎ ከብቱን እዚህ ማሳ ላይ የሚያሳድረው ማን እንደሆነ በአጥቢያው አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር፤ ዳኘው ብቻ ነው ያልሰማው።