«ቁርጥራጭ ብረት ነው» ወደተባለው ማሽን፣ ከቦሌ እስከ ሸሪካት

ሰኞ፣ ኅዳር 2003 ዓ.ም.፣ ቦሌ፣ ሳይነጋ

ፈታሿ የእጅ ሻንጣዬን ከፍታ በፎጣ የጠቀለልኩትን ነገር አወጣች። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ተሳፋሪዎች ያዛጋሉ።

«የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ነው። ሞጁል ይባላል።»

ከጫማ ሳጥን ያነሰውን ግራጫ ዕቃ አገላብጣ አየችው። «ይሄ ነው ፋብሪካ የሚያንቀሳቅሰው?»

«እናያለን» አልኳትና መልሼ ጠቀለልኩት።

የምሄደው ጁባ ነው። እዚያ ሆቴል ያላቸው ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ የአገራችን ሰው፣ ውሃ አጣርቶ በጠርሙስ የሚያሽግ ያረጀ መስመር ገዝተው ሲያሠሩ ቆይተው መቆጣጠሪያው ተቃጠለባቸው። ሠሪው ድርጅት መለዋወጫ ማምረት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። የአዲስ ማሽን ሻጭ ወኪል መጥቶ አየና «ይሄ ቁርጥራጭ ብረት ነው፣ አውጥታችሁ ጣሉት» አላቸው። እሱ አዲስ ይተክላል፤ በምትኩ የፋብሪካው አብዛኛው ድርሻ የድርጅቱ ይሆናል።

«ሐሙስ ሊያስፈርመኝ ይመጣል» አሉኝ በስልክ። «ልጄ፣ ከዚያ በፊት ብረቱን አስነሽልኝ።»

ማሽኑን ሳላየው እሺ አልኩ። ሥራዬ የፋብሪካ ቁጥጥር ነው፤ ደህና ሞተር፣ ደህና ፓምፕ፣ ደህና ቫልቭ «አንጎሉ ሞቷል» ተብሎ በጅምላ ሲጣል ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። በቃኝ።

ሰኞ፣ ረፋድ፣ ጁባ

ከአውሮፕላኑ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን ገረፈኝ። አንዲቷ የመንገደኞች አዳራሽ በሰውና በሻንጣ ተጨናንቃለች። ከበሩ ውጭ አንድ በጣም ረጅም ሰው «ኢንጂነር ሰብለ» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ከፍ አድርጎ ይዟል።

ጋትሉዋክ ይባላል፤ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነው። ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ጣቢያ አድጎ፣ አዲስ አበባ ቴክኒክ ተምሮ፣ ሰላም ከወረደ በኋላ ነው አገሩ የገባው።

«አማርኛህ ከእኔ ይሻላል» አልኩት።

«ኑዌርኛዬን ግን እናቴ ትስቅበታለች» አለና ሻንጣዬን ፒክአፑ ላይ ጫነ።

ከአየር ማረፊያው አጠገብ ባለው ሰፈር፣ በቶንፒንግ በኩል ወጣን። የሽቦ አጥር፣ ረጅም አንቴና የተከሉ ነጫጭ መኪኖች፣ ከኮንቴይነር የተሠሩ የሆቴል ክፍሎች፣ ደቡቡ ይገንጠል አይገንጠል የሚለው የሕዝበ ውሳኔ ፖስተሮች። አስፋልቱ ድንገት አለቀና ቀይ አቧራ ጀመረ። የነጭ ዓባይ ድልድይ ጋ ተራ ጠበቅን፤ ስናልፍ የብረት ወለሉ ከጎማችን ሥር ይንኳኳል። ከታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቦቴዎች ተደርድረው ድፍርሱን ውሃ በፓምፕ ይስባሉ።

«የት ነው የሚወስዱት?»

«ወደ ቤት። ሰው የሚጠጣው ይሄንኑ ነው» አለ ጋትሉዋክ። «በዝናቡ ወራት ከእኛ ሰፈር ሕፃናት ቀብረናል። የእኛን ውሃ በርካሽ ነበር የምንሰጣቸው። ማሽኑ ከቆመ ወዲህ ወደ ወንዙ ተመለሱ።»

ከድልድዩ ማዶ ሸሪካት የሚባለው ሰፈር ደረስን።

ፋብሪካው የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። እትዬ ዘነበች በር ላይ ጠበቁኝ፤ ጠይም፣ ደልደል ያሉ፣ ቁልፍ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። «ምሳ ይቅደም» ሲሉኝ መጀመሪያ ማሽኑን እንዳይ ለመንኳቸው። ማሽኑ ከእኔ በዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም። ቴስተሬን አውጥቼ ሞተሮቹን፣ ቫልቮቹን፣ ጠርሙስ መድረሱን የሚነግሩትን ሴንሰሮችና ማብሪያዎች አንድ በአንድ ለካሁ። ሁሉም ደህና ናቸው።

«ታዲያ ምኑ ነው የሞተው?» አሉኝ።

«የመቆጣጠሪያው ሳጥን ብቻ። ሌላው በሕይወት አለ።»

«ውሸታም» አሉ እትዬ ዘነበች። ወኪሉን ነው እንጂ እኔን ማለታቸው አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ሸሪካት

አሮጌዎቹ ማብሪያዎች የሚሠሩት በመቶ አሥር ቮልት ነው፤ የእኔ ሞጁል የሚቀበለው ሃያ አራት ብቻ። በቀጥታ ባገናኛቸው ሞጁሉ ዕለቱኑ ይቃጠላል። ስለዚህ በመካከላቸው ሪሌዮች፣ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው የሚሳቡ ትናንሽ ማብሪያዎች፣ ደረደርን፤ አሮጌው መስመር በራሱ ኃይል ሪሌዩን ይስባል፣ ሞጁሉ መሳቡን ብቻ ያያል። ሞጁሉ ማሽኑን ሲያዝም እንዲሁ። ሥራው ረቂቅ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጋትሉዋክ ገመድ ይልጣል፣ እኔ አስራለሁ፤ ሲደክመኝ እንቀያየራለን። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰናል፣ ካቻቪቴው በላብ ከእጄ ይሾልካል።

ለምሳ ከሆቴሉ ጥብስ መጣልን። ጋትሉዋክም ከመንገድ ዳር የተጠበሰ የወንዝ ዓሣ በኪስራ ገዝቶ መጣ። ኪስራን የእንጀራ ታናሽ እህት ብለው ያስተዋወቁኝ እትዬ ዘነበች፣ ከጥብሱ ይልቅ ወደ ዓሣው ሳደላ ትንሽ ቅር አላቸው።

ረቡዕ፣ ካስተም

የማጠራቀሚያ ጋኑን የውሃ መጠን የሚለካው መሣሪያ አላስኬደን አለ። የሚልከው የኤሌክትሪክ ምልክት በድሮ ልክ ነው፤ አዲሱ ሞጁል ሊያነበው አይችልም። ገመዱ ላይ ባለ መቶ ኦም ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክ የምትገታ ትንሽ ዕቃ፣ ቢገባና ሞጁሉ እዚያ ላይ የሚያርፈውን ቮልት ቢያነብ ነገሩ ያልቃል። የጤፍ አገዳ የምታህል ዕቃ፤ እሷን ግን ከአዲስ አበባ አላመጣሁም።

ካስተም ወደሚባለው ገበያ ነዳን። ከኡጋንዳ የመጡ የጭነት መኪኖች ሲሚንቶ፣ ሙዝና ፍራሽ ያራግፋሉ፤ ሞተር ብስክሌቶች በመካከላቸው ይሹለከለካሉ። ጋትሉዋክ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ይጠይቃል፤ «ማፊ» ይሉታል። የለም ማለት ነው። የለም፣ የለም፣ የለም። በመጨረሻ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ የተቃጠለ የድምፅ ማጉያ ከሥር ጎትቶ አወጣልን፤ ውስጡ የፈለግናትን አገኘን። ፈትቶ ሰጠንና የሻይ ብቻ ተቀበለን።

ከሰዓት በኋላ የጋኑ ልክ በላፕቶፔ ላይ ወጣ። ጋትሉዋክ መሰላል ላይ ወጥቶ በዱላ ለካ። ልክ ነበር።

ሐሙስ፣ ሸሪካት

ወኪሉ በጠዋት መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ትሑት ነው፣ ፈገግታውም መልካም። የሚፈረመውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አኖረና የተከፈተውን ሳጥን አየ። «አዲስ ሞጁል ለአሮጌ ማሽን?» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ጊዜሽን ነው ያባከንሽው።»

አዝራሩን ተጫንኩ።

መስመሩ ተነሳ። ጠርሙሶች ታጠቡ፣ ተሞሉ፣ ክዳን ገባላቸው። ሠራተኞቹ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ትልቁ የአየር ኮምፕረሰር ተነሳ፤ መብራቱ ለቅጽበት ደብዘዝ ሲል ሞጁሉ ጠፋና ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ደግሜ አስነሳሁት። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ደግሞ ጠፋ። ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ሁሉንም ባንድ ላይ አይችላቸውም፤ አሮጌው ሳጥን ይህን የመብራት መውረድ ይታገሠው ነበር፣ የእኔው አዲስ ዕቃ ግን አልቻለም።

«አልኳችሁ» አለ ወኪሉ። ብዕሩን አውጥቶ ለእትዬ ዘነበች ዘረጋላቸው።

እኔ ያመጣሁት ዕቃ ነው ያሳፈረኝ፤ አሮጌው ብረት ምንም አላጠፋም። ዞር ስል በበሩ በኩል ግቢ ውስጥ የቆመውን የእትዬ ዘነበች ቦቴ አየሁ።

«እትዬ፣ የቦቴውን ባትሪዎች ልውሰድ?»

«ሞተሩንም ውሰጂ» አሉኝ።

ሁለት የመኪና ባትሪ በተከታታይ ሲታሰር ሞጁሉ የሚፈልገውን ሃያ አራት ቮልት ይሰጣል። ከፋብሪካው ቻርጀር ጋር ካያያዝናቸው፣ ጄኔሬተሩ ቢንገዳገድ እንኳ ሞጁሉ አይሰማውም። ጋትሉዋክ አንዱን ባትሪ በትከሻው፣ ሌላውን በእጁ አድርጎ መጣ። ወኪሉ ሳቀ፤ «ፋብሪካ በመኪና ባትሪ» አለ። አስረን ጨረስን።

መስመሩ ተነሳ። ኮምፕረሰሩም ተነሳ። መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ ጠርሙሶቹ ግን መንገዳቸውን ቀጠሉ። ወኪሉ ኮምፕረሰሩ እንዲጠፋና እንዲነሳ ደጋግሞ አዘዘ። መስመሩ አንዴም አልቆመም።

«ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «ግን ለስንት ጊዜ?»

እትዬ ዘነበች ወረቀቱን አጥፈው ኪሱ ውስጥ ራሳቸው ከተቱለት። በእንግሊዝኛና በጁባ ዓረብኛ ቅልቅል ያሉትን በኋላ ጋትሉዋክ ተረጎመልኝ። «ይሄ ሲቆም እኛው እናስነሳዋለን። ያንተው ሲቆም ግን አንተን ነው የምንጠብቀው። ካላስ፣ አለቀ።»

ዓርብ፣ ጁባ አየር ማረፊያ

ጋትሉዋክ ከሥራው እንዳይቀር ብዬ በሆቴሉ መኪና መጣሁ። ወደ አውሮፕላኑ በእግር ልንሄድ ተሰልፈን ሳለን ስልኬ ጮኸ።

«ኢንጂነር፣ መስመሩ ቆሟል» አለ ጋትሉዋክ።

ከሰልፉ ወጣሁ። «ሪሌዮቹን አየሃቸው? ባትሪውን ለካህ? ቆይ፣ መኪናው ሳይርቅ ልጥራና ልምጣ።»

«ጠርሙስ የሚያየው ሴንሰር ነው። ውሃ ተረጭቶበት ታውሯል። ጠርጌዋለሁ፣ መከለያም ቆርጬለታለሁ።» ከጀርባው የጠርሙሶች ግጭት ይሰማኛል።

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»

«ለመንገር ነው እንጂ ለመጠየቅ አይደለም» አለና ዘጋው።

ወደ ሰልፉ ተመለስኩ። ፀሐዩ አናቴን ይበሳል፤ እየሳቅኩ ደረጃውን ወጣሁ።